ሃምሳ ሳንቲም

ከባቡር ጣቢያው በላይ፣ ነፋስ አፈር በሚያዘንብበት፣
የስልክ መጠገኛ አለኝ፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረበት።
ታፔላው ዛሬም «ናዝሬት» ይላል፤ ከተማው ስሙን ቢመልስም
ነገ እቀባዋለሁ እያልኩ ነው፤ ነገ ደግሞ አይደርስም።

ጋሽ ረጋሳ ነበር ጌታዋ፤ እኔ ካሴት አጠንጣኝ ልጅ፣
አልኮል የነከረ ጥጥ ይዤ የማጫወቻ ሆድ የማበጅ።
ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም፣ በእጁ የጻፈው ሕግ አለ፦
«ካሴት ሳያጠነጥን የመለሰ፣ ሃምሳ ሳንቲም ይቀጣል» ያለ።

ዲስክ የመጣ ሰሞን ሸምሱ፣ የጎረቤት ባለ ሱቁ፣
አንዱን ይዞ ገባ፤ ጢሙን አየበት፤ ቤቱን ሞላው ሳቁ።
«ረጋሳ፣ ይህን ጡብ ሽጠው፤ ጊዜው ሊያልፍበት ነው እኮ።»
«ሰው ሰርጉን ይጥላል እንዴ?» አለ ጋሽዬ፣ ትከሻውን ሰብቆ።
በዚያው ሳምንት መቶ ሃያ ባዶ ካሴት ከመርካቶ አስጫነ፤
ያ መቶ ሃያ ዛሬም አለ፤ የጠረጴዛዬ እግር ሆነ።

ከዚያማ የዲስኩም ተራ ደረሰ፤ ተጫረ፣ ተንተባተበ፣ አለቀ፤
ባጃጅ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ ለፀሐይ ብቻ አብረቀረቀ።
ፍላሽ መጣ፤ ጥፍር አከለ፤ በኪስ ቀዳዳ ጠፋ፤
ሚሞሪ መጣ፤ ምስር አከለ፤
አንዱን የሸምሱ የልጅ ልጅ ዋጠው፤ ሦስት ቀን ተጠበቀ በተስፋ።

ባለፈው ጥቅምት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወይዘሮ አስካለች ገባች፤
በፌስታል የተጠቀለለ ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።
«ሰርጌ ነው» አለች። «ባሌን ፈትቼዋለሁ፤ እሱን ልይ ብዬ አይደለም።
ከኋላ የሚያልፍ ሰው አለ። ሌላ ምስሉ የትም የለም።»

ወንድሟ ነው። ዳምጠው። የሸንኮራ መኪና ረዳት።
ከሰርጉ በኋላ በስድስተኛው ወር፣ ከወንጂ ሲመለሱ፣ ሌሊት፣
ከዚህ በላይ አልነገረችኝም።
እኔም ጠመንጃ መፍቻዬን ፈለግኩ እንጂ፣ አልጠየቅኳትም።

ማጫወቻውን ከኮርኒስ ሥር አውርጄ እፍ አልኩት፤
የአዳማ ግማሹ ከውስጡ ወጣ።
ቀበቶው በሙቀት ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል፤
የብር ማሰሪያ ላስቲክ ቆርጬ ተካሁለት።
የካሴቱን ሻጋታ በጥጥ ጠረግኩ፤
እሷ ቆማ ነበር፤ ወንበሩን ብሰጣት ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።

ዝናብ። ግራጫ ዝናብ። ከዝናቡ ውስጥ ሙሽራ።
ሚዜዎች፣ ኬክ፣ አንድ ሽማግሌ ከነቆቡ ያንቀላፋ፤
«ቀጥል» ትላለች፣ በሃያ ዓመቷን ራሷን እንኳ ሳታይ፤
«ቀጥል»፣
«እዚህ ጋ ቀስ በል።»

የለስላሳ ሳጥን በትከሻው፣ አንድ ቀጭን ልጅ
ከሚዜዎቹ ጀርባ አለፈ፤ ወደ ካሜራው ዞረ፤
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሙዚቃው ቃሉን ዋጠው።
ሦስት ሰከንድ። ቢበዛ አራት።
«ምን አለ?» አልኳት።
«መንገድ ልቀቁ።»

አሥር ጊዜ መለስኩላት። በአሥራ አንደኛው ስልኳን አውጥታ
ከቴሌቪዥኑ ላይ ቀረጸችው፤
የመስኮቱ ብርሃን ገባበት፤ የእኔ መላጣ ገባበት፤
ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ገባበት፤
ዳምጠው በዚህ ሁሉ መሃል ሳጥኑን ይዞ አለፈ።

«ይኼስ?» አለች፣ ስልኩን በመዳፏ እየመዘነች፣
«ይኼስ ጊዜው ያልፍበታል?»
በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ የሞተ ስልክ ሆዱን እከፍታለሁ፤
የሕፃን ልደት፣ የአባት ድምፅ፣ የማላውቀው ሰው ምርቃት
ከእጄ ላይ ጠፍቶ ያውቃል።
ይህን አልነገርኳትም። «ሁለት ቦታ አስቀምጪው» አልኳት፤
ሦስት ብላት ይሻል ነበር።

ጣቴ በልማዱ ወደ ማጠንጠኛው ሄደ።
«ተው» አለች። «እንዳለ አውጣው።
ሌላ ማጫወቻ ባገኝ፣ ከእሱ ይጀምር።»

ፌስታሉን ስታስር ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ፤
ቀዩ ቀለም ሮዝ ሆኗል፤ ሕጉ ግን ይነበባል።
ቦርሳዋን በረበረች፣ የእውነቷን፣ እስከ ሥሩ፤
ሃምሳ ሳንቲም የላትም። እኔም ሳንቲሙን ካየሁት ቆየሁ።

«ዕዳ ይሁን» አልኳት።